የሁለት ሰው ቀስት

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሐረር

ከሐረር ስወጣ የሸኘኝ ሰው የለም። ቅዳሜ የቤቱን ቁልፍ ለአከራዬ አስረከብኩ። እሑድ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ፣ እንደ እንግዳ አልጋ ተከራይቼ አደርኩ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ አንድ የልብስ ሻንጣና አንድ ረጅም ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ይዤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜያለሁ። ባጃጆች ገና ወደ ሥራ እየወጡ ነው። አንዲት ሴት ደጇን ትጠርጋለች። ስድሳ አንድ ዓመት አብሯቸው የኖረ ሰው ሲሄድ ዞር ብሎ የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር ምን ነበረበት እላለሁ በሆዴ። ባለቤቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል፤ እሷ ብትኖር ስንቁ ብቻ አንድ ወንበር ይይዝ ነበር።

የሚኒባሱ ሾፌር ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ልጫነው አለኝ። አይሆንም አልኩና የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

"ፋዘር፣ ኪቦርድ ነው?" አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

አዎ አልኩት። የቤተ ክርስቲያን ነው የሠርግ ብሎ ሲጠይቀኝም የሠርግ አልኩ። ውሸት ሲጀምሩት ቀላል ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የአደን ቀስት ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጌጥ ነገር አይደለም፤ በሁለቱ ጫፎቹ ትንንሽ መዘውሮች ያሉት፣ ከርከሮን ከነወፍራም ቆዳው የሚበሳ ዘመናዊ ቀስት ነው። አሥራ ሁለት ፍላጻ አለው። ስለታም ጫፎቻቸውን ፈትቼ፣ በካልሲ ጠቅልዬ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ለብቻ አሽጌያቸዋለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አሥራ አምስት ዓመት በአደን ካምፕ ሳገለግል፣ ቀስት ይዘው የሚመጡ የውጭ አዳኞችን ከአየር ማረፊያ የምቀበል፣ ወረቀታቸውን የማስጨርስ፣ የላላ አውታራቸውን የምጠግን እኔ ነበርኩ። ልጄ ሜሮን ናሚቢያ፣ ዊንድሆክ ባል አግብታ ትኖራለች። እዚያ አጠገቧ ባለ፣ ለአዳኞች የዱር አውሬ በሚያረባ የአደን እርሻ ቀስት የሚጠግን ሰው ይፈልጋሉ፤ የራስህን ቀስት ይዘህ ና፣ እጅህን እንየው ብለዋል። ልጄ ደግሞ ከእንግዲህ ብቻህን አትኖርም፣ ጠቅልለህ ና ብላኛለች።

አወዳይ ላይ ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ መኪና ላይ ይወረወራል፤ በዚህ ሰዓት የነቃ ከተማ እሱ ብቻ ነው። ሐረማያ ላይ ሐይቁ ጭጋግ ለብሷል። ደንገጎን ስንወርድ ሙቀቱ ከታች ሽቅብ ተቀበለን፤ ሹራቤን አወለቅኩ።

ሰኞ፣ ረፋድ፤ ድሬዳዋ

አየር ማረፊያው ፍተሻ ጋ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ሳጥኑን አስከፍታ ረጅም ጊዜ አየችው። ጨዋ ልጅ ናት።

"አባቴ፣ ይኼ ወጥቶ ይመለሳል ወይስ ወጥቶ ይቀራል?" አለችኝ።

ነገሩ ሁለት መንገድ እንዳለው አስረዳችኝ። ወጥቶ የሚቀር ከሆነ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ደብዳቤ፣ ምናልባትም የሳምንታት ጥበቃ አለው። ለስድስት ወር ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ ግን አንድ ቅጽ ይበቃል፤ እሱም ዋስ ይፈልጋል። ዋሱ የሐረር ነዋሪ፣ ቤት ወይም መሬት ያለው፣ በአካል ቀርቦ የሚፈርም መሆን አለበት። ቀስቱ ካልተመለሰ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ፈረንጆቹ የሚመለሱ ነበሩ፤ ዋስ ተብዬ አላውቅም። አሥራ አምስት ዓመት ለሰው ሳሳካ የኖርኩት ወረቀት ለራሴ ሲሆን አጠረኝ።

ቅጹ ላይ ሦስት መስመር አለ። የንብረቱ ባለቤት፣ ተጓዥ፣ ዋስ ይላል። በመጀመሪያው መስመር ስሜን ልጽፍ ስል እጄ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ታደሰ ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛውም ጻፍኩ። ሦስተኛውን ባዶ ትቼ፣ በረራዬን ወደ ሐሙስ አዛውሬ፣ ያንኑ ዳገት ተመልሼ ወጣሁ።

እጄ ለምን እንደቆመ ለአንባቢ መናገር አለብኝ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቀስቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ካምፑ የተዘጋ ዓመት፣ የመጨረሻው እንግዳችን ሊሄድ ሲል ቀስቱን አውጥቶ በእኔና በአህመድ መሃል መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ለሁለታችሁ ነው አለ። አህመድ ዱካ አንባቢያችን ነው፤ የድሬ ጠያራ ገበሬ። እሱ ዱካ ይዞ ከፊት፣ እኔ ዕቃ ይዤ ከኋላ፣ አሥራ አምስት ዓመት አንድ ድንኳን ውስጥ አድረናል። ቤቴ ያፈሳል፣ አንተ ጋ ይቀመጥ አለኝ። ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ በየጊዜው እየመጣ በጭድ የተሞላ ጆንያ ላይ እንወረውር ነበር። ከዚያ የእኔ ሰው ታመመች፤ እኔም ሰው መጥራት ተውኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አህመድ ቀስቱን አንድ ቀን አልጠየቀኝም፤ እኔም አንድ ቀን እንካ አላልኩትም።

ማክሰኞ፤ ሐረር

ዋስ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ሰው ነው የምፈልገው፤ አንድ ፊርማ።

መጀመሪያ የእድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ ምንዳን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አስቀመጡኝ፣ ስለ ጉዞዬ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ቀስ ብለው፣ እሳቸው ለሦስት ሰው ዋስ ሆነው እንደተያዙ ነገሩኝ። ከእድሩ አባላት መሃል አንድ ሰው እንዲያናግሩልኝ ስጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉ።

"ታደሰ ልጄ፣ አንተን እኮ ከመዝገቡ ሰርዘንሃል። መሄድህ ነው ብለን ነው።"

ክፉ ሰው አይደሉም። ቤቱን ለቅቄያለሁ፣ ልጄ ጋ እሄዳለሁ ብዬ የተናገርኩት እኔው ነኝ። ግን ብሞት የሚቀብረኝ ማኅበር ስሜን ሲሰርዝ እኔ ገና ሦስት መንገድ ርቄ አልጋ ቤት ተኝቼ ነበር። ሲሸኙኝ ሳቅሁላቸው።

የባለቤቴ የአጎት ልጅ ቤቱ ባንክ መያዣ እንደሆነ ነገረኝ። አብሮኝ የተማረ መምህር ቤቱን ሸጦ አዳማ ገብቷል፤ በሩን የከፈቱልኝ ሰዎች ስሙንም አያውቁት። ምሳ ሰዓት ላይ በጀጎል ግንብ ጥግ ጥግ እየሄድኩ ስማቸውን የማውቃቸውን ሰዎች በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። የሞቱትን፣ የሄዱትን፣ የተቀያየምኳቸውን ስቀንስ አንድ እጅ በዛብኝ። በፈላና በር ገብቼ የድንጋይ ግንብ መሃል ባሉት ቀጫጭን መንገዶች ዝም ብዬ ዞርኩ። አንዱ ግቢ ውስጥ ሴቶች ይስቃሉ፤ አንድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ሙስባሐውን ይቆጥራል፤ ሰላምታ ሰጠኝ፣ አጸፋውን መለስኩ። ከሰብሳቢው ቤት ከወጣሁ ወዲህ የሰማሁት ደግ ቃል እሱ ብቻ ነበር።

የማን ስም እንደቀረ ከመጀመሪያው አውቀዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ የዞርኩት ወደ አህመድ ላለመሄድ ነው። ቀስቱን በስሜ ጽፌ፣ ሰርቄ እንደምሄድ እያወቅኩ፣ የሚሰረቀውን ሰው ዋስ ሁነኝ ልለው ነው።

ረቡዕ፤ ድሬ ጠያራ፣ ከዚያ ሐረር

ድሬ ጠያራ ማለት የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። ዛሬ ሜዳው ላይ ያየሁት ማሽላና ስኳር ድንች ብቻ ነው። ባጃጁ አስፋልቱ ላይ አወረደኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ቀስቱን አልጋ ቤት ትቼዋለሁ። ለምን አላመጣኸውም ብትሉኝ፣ ቀስቱን ሲያይ ፊቱን ማየት ስለፈራሁ ነው።

አህመድ ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ መሬት ሲያይ አገኘሁት። ያው ዱካ ነው የሚያነበው። ከርከሮ ሌሊት ገብቶ ስኳር ድንቹን ገልብጦታል። ጺሙ ነጭ ሆኗል፤ አንድ ዓይኑ ላይ ጉም ነገር ወጥቷል። ሳይቸኩል ቀና አለ፤ አቀፈኝ፤ ስለ ባለቤቴ ሞት እንደገና አጽናናኝ፤ ለቅሶዋ ላይ ሦስት ቀን እንደተቀመጠ አስታወስኩ። ባለቤቱ ፋጡማ በወተት የፈላ፣ ጨው ያለበት የቡና ገለባ ሆጃ አመጣችልን። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ካምፑ ውስጥ ስለነበረው ወጥ ቤት አወራን። ሁለት ብርጭቆ ጨርሼ ነው የመጣሁበትን የተናገርኩት። ቀስቱን ይዤ ልሄድ እንደሆነ፣ ለስድስት ወር እንደሚባል፣ ዋስ እንደሚያስፈልግ ነገርኩት። ባለቤት በሚለው መስመር ላይ የማንን ስም እንደጻፍኩ አልነገርኩትም።

አህመድ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባና በፌስታል የተጠቀለለ አረንጓዴ ደብተር ይዞ ወጣ፤ የመሬቱ ይዞታ ደብተር ነው። ፋጡማ ደብተሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ አስፋልቱ ስንሄድ ከፊቴ ይራመዳል፤ እንደ ድሮው። ዞር ሳይል ጠየቀኝ።

"ትመለሳለህ?"

"ኢንሻአላህ" አልኩት።

ቆመ። ጉም ባልወጣበት ዓይኑ አየኝ።

"አቦ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ። አዎ ወይም አይደለም በል።"

"አዎ" አልኩት። ፊቱ ሲዞር ጀርባውን እያየሁ ተከተልኩት። ልጄ ክፍል ቀብታ እንደምትጠብቀኝ፣ ሐረር ውስጥ የምመለስበት ቤት እንደሌለኝ ልቤ እያወቀ ነው አዎ ያልኩት።

የሰነድ ማረጋገጫው ቢሮ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ወንበር አንድ ብቻ ስለነበር እየተቀያየርን ተቀመጥን። ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው ቅጹን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ ሕጉ ያዛል። "የንብረቱ ባለቤት፣ አቶ ታደሰ" አለ። ወለሉን አየሁ። ሲሚንቶው ላይ የተሰነጠቀ መስመር አለ፤ እስከ ግድግዳው ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። ጸሐፊው የደብተሩን ቁጥር ዋስ በሚለው ሥር ጻፈ። ቀስቱ በስድስት ወር ካልተመለሰ ይህ መሬት እንደሚጠየቅበት ለአህመድ ሲያስረዳው፣ ገብቶኛል አለ። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየለየ ፈረመ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ጸሐፊው ግን ማህተሙን መታና ቀጣይ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ያን ቀን ከሁለቱ አንዱ ነበርኩ።

ደጅ ስንወጣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "አማና ነው" አለኝ። በእነሱ አነጋገር አደራ ማለት ነው። ቀስቱን ይሁን መሬቱን አልነገረኝም። የድሬ ጠያራ ባጃጅ ሲይዝ አንድ ጊዜ እጁን አነሳ፤ ሰው በዝቶበት መሃል ተጣቦ ሄደ። እኔ ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው የትርጉም ቤት ገብቼ ወረቀቱን ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምኩ። ልጅቷ ፈጣን ናት፤ ሻይ ሳልጨርስ አስረከበችኝ። እኔም ሳላነበው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሐሙስ

ያው መንገድ ነው፤ ሌላ ሾፌር። ይኼኛው ምንም አልጠየቀኝም። ድሬዳዋ ላይ ያቺው ልጅ ወረቀቱን አይታ ፈገግ አለች። ዋስ አገኙ አለችኝ፤ አገኘሁ አልኳት። ሳጥኑ ከሌላው ዕቃ ተለይቶ በእጅ ተወሰደ። ቀስት ይዛችሁ ለመብረር ካሰባችሁ ይህን ልብ በሉ። አውሮፕላን ላይ ቀስት ከሰው ጋር አይቀመጥም፣ ስለቱ ለብቻ ይታሸጋል፣ በየደረሳችሁበት ምን እንደያዛችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው ከጎኔ ባዶ ወንበር ይዤ መብረርን ነው።

አዲስ አበባ ለመሸጋገሪያ ያህል ብቻ ነበርኩ። አብረውኝ የሚጠብቁት ሰዎች ስልካቸውን ያናግራሉ። እኔም የባለቤቴን ቁጥር ገና አልሰረዝኩትም፤ አየሁትና መልሼ ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ዊንድሆክ

ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ምድሩ ደረቅና ቢጫ፣ የቆላውን አደን ሜዳ ይመስላል። ሻንጣዬ ቶሎ ወጣ። ሳጥኑ ግን ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከጠረጴዛው ጀርባ መነጽር ያደረገች ሴት ወረቀቴን ይዛ ቆማለች። ቀስ ብላ ተናገረችኝ፤ እንግሊዝኛዋ ከለመድኩት የአዳኞቹ አነጋገር ስለተለየብኝ ፈቃድ የሚለውንና አልፏል የሚለውን ብቻ ለየሁ። አልገባኝም ስላት ውጭ የምትጠብቀኝን ልጄን ለማስተርጎም አስገቡልኝ።

ሜሮን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ከእናቷ ለቅሶ ወዲህ አልተያየንም። ከዚያ ወረቀቱን አነበበችና ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች።

"አባዬ፣ ዓመቱን እኮ አልለወጡትም። በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ነው። ለእነሱ ይኼ ፈቃድ ካለፈበት ሰባት ዓመት ሆኖታል።"

የትርጉም ቤቷ ልጅ ወሩን ቀይራ ዓመቱን ትታዋለች። እኔም አሥራ አምስት ዓመት ወረቀት ያመላለስኩ ሰው፣ ሳላነብ አጥፌ ኪሴ ከትቻለሁ። ሜሮን ለሴትየዋ አስረዳቻት። የእኛ አገር ዓመት ከእነሱ እንደሚዘገይ ስትሰማ ሴትየዋ እንኳ ፈገግ አለች። ግን ቃል ብቻ አይበቃትም፤ ወረቀቱ ላይ ስሙ ያለ ሌላ ሰው ማረጋገጥ አለበት። ዋስ በሚለው ሥር የአህመድ ስልክ ተጽፏል።

ሜሮን ደወለች፤ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገችው። ሲጠራ ቆየ። ከዚያ ነፋስ ተሰማ፣ ከነፋሱ ኋላ የሚጮህ ፍየል፣ ከዚያ አህመድ፤ "አሰላሙ አለይኩም።" ሜሮን ማንነቷን ነገረችው። እንዴት ነሽ ልጄ እያለ መረቃት። ከዚያ የሴትየዋን ጥያቄ ተረጎመችለት፤ ይህ ቀስት የማን ነው?

መልሱን የሚያውቅ ሰው ነው የተጠየቀው። ግማሹ የኔ ነው ቢል እውነቱን ነው፤ ቀስቱም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፣ እኔም በሐሰት የጻፍኩ ሰው እሆናለሁ። ፍየሉ እንደገና ጮኸ።

"የታደሰ ነው በያቸው፣ ልጄ" አለ። "ሙሉውን የሱ ነው።"

ሜሮን ተረጎመች። ሴትየዋ ጻፈች። አሥራ አንድ ዓመት ልቤ ሲቋምጥለት የኖረው ነገር ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የኔ ሆነ። ባለቤቴን ቀብሬ ወደ ባዶ ቤት የገባሁ ቀን እንኳ እንደዚያ ብቸኝነት አልተሰማኝም።

ሴትየዋ አንድ ጥያቄ ቀርቷታል፤ ቀስቱ እዚህ ስንት ጊዜ ይቆያል? ሜሮን እኔን ሳትጠይቅ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ የምታውቀው ለመኖር መምጣቴን ነውና።

"ስድስት ወር በያት" አልኳት። "ከዚያ ይዤው እመለሳለሁ።"

"አባዬ፣ ጠቅልለህ አይደል እንዴ የመጣኸው? ክፍሉን..."

"ግማሹ የአህመድ ነው። ሲሰጠንም ለሁለታችን ነው። በስሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሁለታችንም እኩል ወደ ጠረጴዛው አየን። ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ነፋሱ ይሰማል። አህመድ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሜሮን ልጄ" አለ፣ "የኋለኛውን አትተርጉሚላቸው። ስድስት ወር የሚለውን ብቻ ንገሪያቸው።"

ነገረቻቸው። ሴትየዋ ጻፈችና ማህተሙን መታች።